ያልታጠበው መስታወት

ፍንጭት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እውነተኛ ስም አላት፤ ግን የፊት ጥርሶቿ መሀል ሰፋ ያለ ክፍተት ስላለ ከአያቷ ጀምሮ የሕንፃው ሰው ሁሉ ፍንጭት እያለ ነው የሚጠራት። እሷም ለምዳዋለች። የምትኖረው ከእናቷና ከአያቷ ጋር ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሦስተኛው ላይ ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ብቻ ናት። ግን በረንዳ አላት። ወደ በረንዳው የሚያስወጣው ደግሞ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ የመስታወት በር ነው።

ይህ ቤት፣ ልጆች፣ ሁሉም ሰው የደከመበት ቤት ነበር። እናትየዋ የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ታጥባለች፣ አንሶላ ትተኩሳለች፣ አንሶላ ታጥፋለች። ማታ ቤት ስትገባ መጀመሪያ ቁጭ ትልና ዓይኗን ጨፍና ጫማዋን ታወልቃለች፤ እግሯ አብጦ ስለሚውል ያማታል። አያትየው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ፍንጭትም ብትሆን ሥራ አታጣም። ከትምህርት ቤት መልስ ዕቃ ታጥባለች፣ ቤት ትጠርጋለች፣ ውሃ ሲጠፋ ከግቢው ቧንቧ ቀድታ ደረጃውን ትወጣለች። ውሃ ደግሞ በዚያ ሕንፃ መጥፋት ይወዳል።

"ኧረ ወገቤ ተቆረጠ!" ትላለች አንዳንዴ።

"በአሥራ አንድ ዓመት ወገብ ከየት መጣ?" ይላሉ አያቷ። ከዚያ ይስቃሉ።

አያትየው አንድ ደስታ ነበራቸው። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጋደም ብለው ይነሱና በረንዳው ላይ ወንበራቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ከታች በመንገዱ አውቶቡሶች ያልፋሉ። እሳቸው አያዩአቸውም፤ ግን በሞተራቸው ድምፅ ብቻ ይለዩአቸዋል። አንዱ ሾፌር ዳገቱ ላይ ማርሽ ሳይቀይር ሲታገል ከሰሙማ አይችሉም፤ "ቀይረው እንጂ ሰውዬ! አቃጠልከውኮ!" ብለው ይጮኻሉ። ሾፌሩ ከየት ይስማቸው! እሳቸው ግን ነግረውት እንደገባው ሁሉ ረክተው ወደ ኋላ ደገፍ ይላሉ።

አንድ ቀን ታዲያ በሩ ክፍት መስሏቸው ሲወጡ አፍንጫቸው ከመስታወቱ ጋር ተጋጨ። ደግነቱ ቀስ ብለው ስለነበር ብዙ አልተጎዱም። የዓይናቸው ሐኪም ግን ነገሩን ስትሰማ ለእናትየዋ እንዲህ አለቻት።

"አባትሽ ዓይናቸው ደከመ እንጂ አልጠፋም። ቀለም ያያሉ፣ ቅርጽ ያያሉ። ንጹህ መስታወት ግን አይታያቸውም። አንድ የሚታይ ነገር ለጥፉበት።"

እናትየዋ ይህን ሰምታ ዝም አላለችም። አያትየው ለዓይናቸው ክትትል ጥቂት ቀን ወንድ ልጃቸው፣ የፍንጭት አጎት ቤት በቆዩበት ጊዜ፣ ከሥራ ስትመለስ የመስታወት ስቲከር ገዝታ መጣች። እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ ስስ ላስቲክ ነው፤ ላዩ ላይ ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠሎች አሉበት።

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ስትወጣ ፍንጭትን ጠራቻት። "ነይ እስኪ፣ የኔ እናት። ይህን ታዪዋለሽ? ሙጫ የለውም። በውሃ ረጠብ አድርገው ሲያስቀምጡት ራሱ መስታወቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል አለኝ ባለ ሱቁ። ከተበላሸም ተነሥቶ፣ ታጥቦ ይመለሳል።"

"ታዲያ ቀላል ነዋ!" አለች ፍንጭት።

"ቀላል ነው። ግን መስታወቱ ላይ አቧራ ወይም ቅባት ካለ እምቢ ይላል። ምድጃችን ደግሞ እዚሁ አጠገቡ ነው፤ የዘይቱ እንፋሎት የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጥቢዋለሽ። አንዴ አይበቃም፣ ሁለቴ። ታደርቂዋለሽ። ከዚያ ንጹህ ውሃ ትረጪበታለሽ፣ የስቲከሩን የጀርባ ወረቀት ትልጪዋለሽ፣ ከላይ ወደ ታች ታለብሺዋለሽ። ውስጡ የገባውን አየር በማስመሪያ እየገፋሽ ታስወጪዋለሽ። ነገ አባባ ስለሚመጡ ዛሬ ማለቅ አለበት።"

"እሺ እማዬ።"

እናትየዋ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። ልጇን አየቻት። "ከደከመሽ ግን ተይው፣ ንገሪኝ። ማታ መጥቼ እኔ እሠራዋለሁ።"

ፍንጭት ያበጡትን የእናቷን እግሮች አየች። "አይ፣ እችላለሁ" አለች።

ይህን ስትል ከልቧ ነበር፣ ልጆች። ይህን እወቁላት።

ያን ቀን ትምህርት አልነበረም። ፍንጭት ዕቃ አጠበች። ቤቱን ጠረገች። የአያቷን አልጋ አነጠፈች። ልክ ባልዲውን ይዛ ወደ ቤቱ ቧንቧ ስትሄድ ቧንቧው ሳል ብጤ አሰማና ዝም አለ። ውሃ ጠፋ። በቤቱ ውስጥ የቀረው በማንቆርቆሪያ ያለችው ብቻ ነበረች።

እንግዲህ ውሃ ከግቢው መምጣት አለበት። መስታወቱን ሁለቴ ለማጠብ ሁለት ባልዲ ይፈልጋል። ደረጃውን መውረድ፣ ወረፋ መጠበቅ፣ ባልዲውን ይዞ መውጣት፤ እንደገና መውረድ፣ እንደገና መውጣት። ባልዲውን ከእጇ አስቀመጠች። ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብላ መስታወቱን አየችው። ፀሐይ በዚያ በኩል አልነበረችም። ምንም አይታይበትም።

"ንጹህ እኮ ነው" አለች ለራሷ። "ምን ይታጠባል?"

ደረቅ ጨርቅ አነሣችና ጠረግ ጠረግ አደረገችው። በማንቆርቆሪያዋ ውሃ ረጨት አደረገችበት። የጀርባውን ወረቀት ላጠች፣ ወንበር ላይ ቆመች፣ ስቲከሩን ከላይ ወደ ታች ለቀቀችው። በማስመሪያዋ ስትገፋው አረፋዎቹ እንደ ትንንሽ ዓሦች እየዋኙ በጠርዙ ወጡ። ሲያልቅ ራቅ ብላ አየችው። እንዴት ያምራል! ፀሐይዋ ዞራ መጥታ ነበርና ብርሃኗ በቅጠሎቹ አልፎ ወለሉ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ተኛ።

ማታ እናቷ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ፊት ቆመች። ፊቷ ያን ያህል ሲበራ ፍንጭት ካየች ሰንብታለች።

"አንቺ ልጅ! ብቻሽን? በሳሙና አጠብሽው?"

"በሳሙና።"

"ሁለቴ?"

"ሁለቴ።"

እናትየዋ ግንባሯን ሳመቻት። ፍንጭት መሳሟን ወደደችው፤ ግን የእናቷን ዓይን ላለማየት ማስመሪያዋን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። 

በማግስቱ አያትየው መጡ። እናትየዋ እጃቸውን ይዛ ወደ በሩ ወሰደቻቸው።

"አባዬ፣ ምን ይታይዎታል?"

አያትየው አንገታቸውን ወደ ፊት ሰደድ፣ ወደ ጎን ዘንበል አደረጉ። "አረንጓዴ ነገር... ቆይ፣ ቆይ። ቅጠል ነው እንዴ? ቅጠል ነው!" ከት ብለው ሳቁ። "ይኸው በሩ እዚህ ጋ ነዋ! እንግዲህ ጠላቴን አወቅኩት!"

ከዚያ ወዲህ በሩን ለመውጣት ማንንም አይጠሩም። ከሰዓት በኋላ ይነሣሉ፣ አረንጓዴውን ሲያዩ ቆም ይላሉ፣ እጀታውን ይዘው ይከፍታሉ፣ ይወጣሉ። ከበረንዳው ላይም "ቀይረው እንጂ!" የሚለው ድምፅ እንደ ድሮው ይሰማ ጀመር።

ነገር ግን ያልታጠበ መስታወት ያልታጠበ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የስቲከሩ የላይኛው ጥግ ተጠቀለለ። ፍንጭት አየችና በአውራ ጣቷ ጫነችው። ያዘ። በማግስቱ ከጥጉ አልፎ ግማሹ ላላ። ጫነችው። አሁንም ያዘ። ለእናቷ ልትነግራት አስባ ነበር። ግን እናቷ ሁልጊዜ ስትገባ ያው ዓይኗን ጨፍና ቁጭ ነው። ከነገረቻትም "ታዲያ አጥበሽው አልነበረም?" ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ ዝም አለች። ውሸት እንዲህ ነው፣ ልጆች፤ አንዴ ከገባ ጠባቂ ይፈልጋል፣ ጠባቂው ደግሞ ዝምታ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ስቲከሩ እንዳለ ወርዶ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ ልክ ሰው አውልቆ እንደጣለው ቀሚስ። አያቷ ውስጥ ክፍል አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል። ፍንጭት አነሣችው። የሚይዘው ገጽ በአቧራ ጠቁሯል። አሁን መታጠብ አለበት፣ መስታወቱም መታጠብ አለበት። ቧንቧውን ከፈተች። የለም!

ያን ቀን ፈተና ነበራት። በዚያ ላይ አውቶቡስ አጥታ በእግሯ ነው የመጣችው። ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም ነበር።

"ትንሽ አረፍ ልበል" አለች። "አባባ ገና ተኝተዋል። ሳይነሡ እሠራዋለሁ።"

ስቲከሩን ጠቅልላ ከሶፋው ኋላ ወሸቀችውና ጋደም አለች። እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ።

የቀሰቀሳት ድምፅ ነው። ድው! አለ። ከዚያ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ። ዘላ ተነሣች። አያቷ የመስታወቱ በር ሥር ቁጭ ብለዋል። እጃቸው ግንባራቸው ላይ ነው፤ በጣቶቻቸው መሀል ደም ይወርዳል። መነጽራቸው አጠገባቸው ተጣሞ ተኝቷል። መስታወቱ አልተሰበረም። ባዶውን ቆሟል።

"አባባ! አባባ!"

"አይዞሽ፣ ምንም አልሆንኩም" አሉ።  "በሩ... ተዘግቶ ነበር እንዴ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ወይ ጉድ።"  ወደ በሩ አቅጣጫ ቀና ብለው፣ ሊጠይቁት የፈሩትን ነገር ቀስ ብለው ጠየቁ። "ቅጠሉስ? ቅጠሉ አለ?"

ልጆች፣ እዚህ ጋ ፍንጭት እውነቱን ብትናገር ኖሮ ታሪኩ እዚህ ጋ ያልቅ ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፤ "የለም" ማለት ብቻ። እሷ ግን ደሙን አየች። ፈራች።  ከአፏ የወጣው ቃል ሌላ ነበር።

"አለ" አለች።

አያትየው መነጽራቸውን ዳብሰው አነሡ። እጃቸውን ሰጧትና አስነሣቻቸው። አልጋቸው ላይ አስተኛቻቸው፣ በማንቆርቆሪያው ካለው ውሃ ጨርቅ ነክራ ግንባራቸው ላይ አደረገች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷ ግን በተረፈችው ውሃ ስቲከሩን ጠራርጋ፣ መልሳ መስታወቱ ላይ አለበሰችው። ሙጫ የለውም፤ ተነሥቶ ይመለሳል። ያን ለታ ያዘላት። ባይዝ ይሻላት ነበር።

እናትየዋ ስትገባ አያትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"አባዬ! ምን ሆኑ?"

"አለቀ፣ ልጄ" አሉ። "ዓይኔ አለቀ። ቅጠሉ እያለ ነው የተጋጨሁት። ፊት ለፊቴ ተለጥፎ እያለ አላየሁትም።"

እናትየዋ ወደ በሩ አየች። ቅጠሎቹ በቦታቸው ናቸው። ወንበር ስባ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል። እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ አንሶላ ስታጥፍ እንደምታደርገው፣ የቀሚሷን ጫፍ ታጥፍና ትዘረጋ ጀመር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቤቱ ጸጥ አለ። የበረንዳው ወንበር ወደ ውስጥ ገባ። በሩ ተቆለፈና ቁልፉ ቁም ሣጥኑ ላይ ወጣ። አያትየው አውቶቡስ ሲያልፍ እንኳ ጆሯቸውን አያቀኑም። ይባስ ብለው በቤት ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው መሄድ ጀመሩ። አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፣ በሌላው አየሩን እየዳበሱ ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዳሉ። ሾርባም ሲጠጡ ዓይናቸው ጭፍን ነው፤ ማንኪያው ጉንጫቸውን እየነካ ሸሚዛቸው ላይ ይፈስሳል።

"አባባ፣ ዓይንዎን ለምን ይጨፍናሉ?" አለች ፍንጭት አንድ ቀን።

"ልለማመደው ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ። መቼም የማይቀር ከሆነ በጊዜ መልመድ ይሻላል።"

 ፍንጭት ልትናገር ነበር። በልቧ "ነገ እነግራቸዋለሁ" አለች። ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ ነበረው። ቅጠሎቹን በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ትጫናቸዋለች። ጥጉ ይላላል፣ ትጫናለች። ይላላል፣ ትጫናለች። እንደዚያ የሚያደክም ሥራ ሠርታ አታውቅም። ሁለት ባልዲ ውሃ ከዚያ በምን በለጠ?

አንድ ማታ እናቷ ከአጎትየው ጋር በስልክ ስታወራ ሰማች። "አዎ... የሳምንቱ መጨረሻ ላይ መጥተህ ውሰዳቸው። አንተ ጋ ምድር ቤት ነው፤ ደረጃ የለ፣ በረንዳ የለ። እኔ ቀን ቤት አልውል፣ ልጅቷ ተማሪ ናት። ምን ላድርግ?" 

አያትየው ከክፍላቸው ሆነው "ልክ ነሽ፣ ልጄ" አሉ። "ሸክም አልሁን።"

በዚያ ቤት እራት ከተበላ በኋላ ሦስቱም አብረው ይጸልዩ ነበር። ጸሎቱን የሚያደርሱት አያትየው ናቸው። ያን ማታም እንደ ወትሮው ተሰበሰቡ። እናትየዋ ከድካሟ ብዛት ጭንቅላቷ ወደ ደረቷ ዘንበል ብሏል። አያትየው እጃቸውን ዘረጉ። ግንባራቸው ላይ ያለው ቁስል ገና አልደረቀም።

"አምላኬ ሆይ" አሉ። "ይህን ሁሉ ዘመን ዓይን ሰጥተኸኝ ኖርኩ። በዚያ ዓይን ስንት ሰው በሰላም አደረስኩ። ልጄ ስትወለድ አየሁበት። የልጄን ልጅም አየሁ። እንግዲህ የሰጠኸውን ወሰድክ። አላማርርም። ላየሁት ሁሉ አመሰግንሃለሁ። አሜን።"

"አሜን" አለች እናት።



"አሜን በይ እንጂ፣ ፍንጭት" አለች እናቷ።

"አልልም።"

"ምን?"

"አሜን አልልም!" አለችና ማልቀስ ጀመረች። "እግዚአብሔር አልወሰደም! አባባ፣ ዓይንዎ አልጠፋም! ቅጠሉ አልነበረም! ወድቆ ነበር። ከሶፋው ኋላ የደበቅኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ሲጠይቁኝ 'አለ' ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ መልሼ ለጠፍኩት። መስታወቱንም አላጠብኩትም። አንዴም አላጠብኩትም!"



እናትየዋ ብድግ አለች። እንደገና ቁጭ አለች። "ከደከመሽ ንገሪኝ አላልኩሽም?"

"ብለሽኛል።"

"ታዲያ?"

"አንቺ ከኔ ይበልጥ ደክሞሽ ነበር።"

 እናትየዋ አፏን በእጇ ጀርባ ይዛ ቆየች። ከዚያ በቀስታ፣ ግን ፍርጥም ብላ ተናገረች። "በመድከምሽ አልቆጣሽም። የደከመ ሰው ያርፋል። ግን አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳ ሲዳብሱ በየቀኑ እያየሽ ዝም አልሽ። ይሄ ነው ያመመኝ።"

 የአያትየው ዓይን እስካሁን ጭፍን ነበር። አሁን ቀስ ብለው ገለጡት። ብርሃን ስላልለመደ ዕንባ ሞላው። እጃቸውን ዓይናቸው ፊት ይዘው አገላበጡት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ራስሽ ላይ ያለው ሻርፕ" አሉ በፍርሃት። "ቀይ ነው?"

እናትየዋ እጇን ወደ ሻርፗ ሰደደች። "ቀይ ነው፣ አባዬ።"

"ዳር ዳሩ ደግሞ ነጭ አለው?"

"አለው። አለው፣ አባዬ።" አሁን አለቀሰች። ሳምንቱን ሙሉ ጉልበት ያጣችበትን ለቅሶ ያን ማታ አለቀሰችው።

ፍንጭት አያቷ እግር ሥር ተንበረከከች። "ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።"

አያትየው ራሷን ዳበሱ። "የግንባሬ ቁስል ይድናል" አሉ። "ግን ልጄ፣ እኔ ዓይኔን በቁሙ ቀብሬው ነበርኮ። እርሜንም አውጥቻለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልሽ። አሁን ግን ደክሞኛል። ልተኛ።"

ቀና ብለው፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ሶፋውን ዞረው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ግድግዳውን አልነኩም።

በማግስቱ ጠዋት እናትየዋ ስልኳን ለፍንጭት ዘረጋችላት። "ለአጎትሽ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። አባባን ሊወስድ ለምን መምጣት እንደሌለበትም ራስሽ ታስረጂዋለሽ።" ፍንጭት ነገረችው። ጆሮዋ እስኪቀላ አፈረች። አጎትየው "መናገርሽ ጥሩ ነው" ብቻ ብሎ ዘጋው።

እናትየዋ ባረፈች ቀን ፍንጭት ባልዲ አንሥታ ወረደች። ወረፋ ጠበቀች፣ ቀድታ ወጣች። እንደገና ወረደች፣ እንደገና ወጣች። ክንዷ ሊገነጠል ደረሰ። እናትየዋ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣ ታዛለች፤ አያትየው ፎጣ ይዘው ቆመዋል። ስቲከሩ እንዳለ ተነሣ። መስታወቱ በሳሙና ታጠበ። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ጠቆረ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩት።

"ይሄ ሁሉ ከዚህ ወጣ?" አሉ አያትየው።

"ንጹህ መስሎኝ ነበር" አለች ፍንጭት ቀስ ብላ።

ሁለተኛ ታጠበ። ደረቀ። ስቲከሩም ታጥቦ ተለጠፈ። አየሩን በማስመሪያ ስታስወጣው ጥጉ ድርቅ ብሎ ያዘ፤ በጥፍሯ ብትሞክረው እንኳ አልነሣም አለ።

አያትየው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደገና በረንዳው ላይ ይወጣሉ። ግን አንድ ነገር ተለውጧል፣ ልጆች። አረንጓዴውን እያዩት እንኳ፣ ከመቅረባቸው በፊት እጃቸውን ወደ ፊት ይዘረጋሉ። ቅጠሉን ነክተው ነው የሚያምኑት። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ቆዩ። ያ የተዘረጋ እጅ ፍንጭትን ከየትኛውም ቅጣት በላይ ይቀጣት ነበር። ይቅር ተብላለች። ሆኖም የተሰበረ እምነት እንደ ቁስል ነው፤ ቀስ እያለ ነው የሚሽር።

እናቷም አንድ ማታ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች "ዕቃው ታጠበ?" ብላ ጠየቀቻት።

ፍንጭት ደብተሯ ላይ ተደፍታ ነበር። "አልታጠበም፣ እማዬ። ዛሬ በጣም ደክሞኛል። ትንሽ አርፌ አጥበዋለሁ።"

እናትየዋ ቀና ብላ አየቻት። ሄዳ ድስቱን አልከፈተችም፣ ሳህኑን አልቆጠረችም። ከጎኗ ያለውን የሶፋውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገችና "እሺ" አለች፤ "ነይ፣ እኔም ደክሞኛል፤ አብረን እንረፍ።"

ልጆች፣ ሲደክመን "ደክሞኛል" ብንል አናፍርበትም፤ ያልሠራነውን "ሠርቻለሁ" ብለን ብንዋሽ ግን የውሸታችንን ቁስል የሚሸከምልን የምንወደው ሰው ነውና፣ ቶሎ እውነቱን እንናገር።